የጨርቁ ሌላኛው ጫፍ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ሲያትል አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ሰፊ ግቢ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ ፓጂ በዝናቡ መሐል ሲመጡ አየኋቸው። ጥምጥማቸው ራሳቸው ላይ አልነበረም። በሁለት እጃቸው ታቅፈውታል። ራሳቸው ላይ የቀረችው ከሥር የምትታሰረው ትንሽ ጥቁር ጨርቅ ብቻ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ቴርሞስ ሻይ ስንጠጣ እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

ወርጄ "ምን ሆኑ?" ብላቸው አልመለሱልኝም። የመኪናቸውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፍተው የታጠፈ ሰማያዊ ጨርቅ አወጡና አንዱን ጫፍ እጄ ላይ አኖሩት። "ፑተር፣ ያዝልኝ" አሉ። ፑተር በፑንጃቢ ልጄ ማለት ነው። እኔ የምጠራቸው ፓጂ ደግሞ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው።

ያዝኩላቸው። እሳቸው ሌላኛውን ጫፍ ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ፣ ሄዱ፣ ጨርቁ ከመኪናው ርዝመት አለፈ። በሰያፍ ሳቡት፤ "አንተም ሳብ" አሉኝ፤ ሳብኩ። ከዚያ እያጠፉ፣ እያጠበቁ ወደ እኔ ተመለሱ። በመኪናው የጎን መስታወት እያዩ መጠምጠም ጀመሩ። አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰውት ስለነበር እስኪጨርሱ አንድ ቃል አልተናገሩም። እያንዳንዱ ዙር በፊተኛው ላይ በልኩ እያረፈ፣ ግንባራቸው ላይ እየተደራረበ ሄደ። ሲጨርሱ በመዳፋቸው ግራና ቀኙን ዳበስ አደረጉና "የሰከረ ተሳፋሪ ነው። ከኋላ ተቀምጦ ነጠቀኝ" አሉ። ወዲያው ተራቸው ደረሰና ሄዱ። ሌላ ተሳፋሪ ሊጭኑ።

ጠዋት ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያስጨነቀኝ የእሳቸው ነገር ብቻ አልነበረም። አሜሪካ በገባሁ በሦስተኛው ወር፣ ለመጀመሪያው የሥራ ቃለ መጠይቅ ስዘጋጅ፣ ማተቤን ከአንገቴ ፈትቻለሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልነጠቀኝም። መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ፣ ክርስትና ስነሳ የታሰረልኝን ክር በገዛ እጄ ፈታሁት። ከእናቴ ጋር በቪዲዮ ስንነጋገር እስከ ዛሬ አንገቱ የተዘጋ ሹራብ ነው የምለብሰው። የፓጂን ጥምጥም ሰው በጉልበት አወለቀው፤ እሳቸው ደግሞ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ መልሰው አሰሩት። የኔን ማንም ሳይነካው ስንት ዓመት ሆነው።

ፓጂ ሲክ ናቸው፤ ሕንድ ውስጥ፣ ፑንጃብ በሚባለው አካባቢ የበቀለ ሃይማኖት ተከታይ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነው የሲኮችን ጥምጥም ነገር በጥሞና መጠየቅ የጀመርኩት። ፓጂን ጠየቅሁ፣ አነበብኩ፣ ከእሳቸው ጋር ጉርድዋራ፣ ማለትም የጸሎት ቤታቸው ሄድኩ። እዚህ የምጽፈው ከዚያ የያዝኩትን ነው። ዓመተ ምሕረቱንም ወሩንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፈዋለሁ።

እኔ ጥምጥም የካህን ምልክት በሆነበት ቤት ነው ያደግኩት። አያቴ ቄስ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ነጩን ሻሽ ሲጠመጥሙ እኛ ልጆች ዝም ብለን እናያለን፤ ከዚያ በኋላ መስቀል እንሳለማለን። ከሳቸው አፍ የማይጠፋ ተረትም ነበር፦ "ከመጠምጠም መማር ይቅደም።" ስለዚህ በኔ አእምሮ ጥምጥም ማዕረግ ነው፤ ተምሮ፣ ተሹሞ፣ ከምእመኑ ተለይቶ የሚደረስበት። ፓጂን ስተዋወቃቸው የሃይማኖት አባት መስለውኝ ነበር። ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኛ ጋ ካህን የሚባል ነገር የለም" አሉኝ። መጽሐፉን የሚያነብና የሚንከባከብ ሰው አለ፤ ነገር ግን ማንኛውም ሲክ፣ ወንድም ሴትም፣ ጸሎት ሊመራ ይችላል። ጥምጥሙ ሰውን ከሰው አይለይም። ገበሬውም፣ ሹፌሩም፣ ሐኪሙም ያስረዋል። ሲክ የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ ተማሪ ነው። አያቴ ይህን ቢሰሙ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ እኔም ስቼው ነበር። የተጠመቀ ሲክ ከአካሉ የማይለያቸው አምስት ነገሮች አሉት፣ በፑንጃቢ ስማቸው ሁሉም በ"ክ" ድምፅ ይጀምራል፦ ያልተቆረጠ ፀጉር፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ ትንሽ ሰይፍና ከውስጥ የሚለበስ አጭር ሱሪ። ጥምጥም ከአምስቱ አንዱ አይደለም። መነሻው ፀጉሩ ነው። ፀጉር ፈጣሪ የሰጠው ስለሆነ አይቆረጥም፤ ይታጠባል፣ ይበጠራል፣ በአናት ላይ ይቋጠራል፣ ከዚያም በክብር ይሸፈናል። በየዕለቱ ጸሎታቸው ማብቂያ ላይ ከፈጣሪ ከሚለምኗቸው ስጦታዎች አንዱ "የፀጉር ስጦታ" ነው። እዚያው ጸሎት ውስጥ ሃይማኖታቸውን እስከ መጨረሻ ትንፋሽ ከፀጉራቸው ጋር የጠበቁትን፣ የራስ ቅላቸው ቆዳ የተገፈፈውንም ያስባሉ። በ1745 ላሆር ውስጥ ፀጉሬን አላስቆርጥም ብሎ ይህ የደረሰበት ባይ ታሩ ሲንግ ነው፤ እያንዳንዱ ሲክ ልጅ ታሪኩን ያውቀዋል።

ጥምጥሙን ዳስታር ይሉታል፤ በቤት ቋንቋ ደግሞ ፓግ። ርዝመቱ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ሜትር ይሆናል። እንደ ባርኔጣ ተነስቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ ጠዋት ዙር በዙር ይታሰራል፣ ማታ ዙር በዙር ይፈታል። ፓጂ ሰማያዊና ነጭ ያዘወትራሉ። ቀለሙ ምን ትርጉም እንዳለው ስጠይቃቸው "ከሸሚዜ ጋር እንዲሄድ ነው" አሉኝ። ሰማያዊው የጥንቶቹ ተዋጊዎች፣ ብርቱካንማው የመሥዋዕትነት ተደርጎ የሚታይበት ልማድ አለ፤ በሃይማኖቱ ግን ከሌላው ቀለም የሚበልጥ ቀለም የለም።

አሁን ወደ ከበደኝ ጥያቄ ልምጣ። ይህ ሃይማኖት የተጀመረው ውጫዊ ምልክትን እምቢ በማለት ነው። ሕንድ ውስጥ ከላይኛዎቹ የዘር ደረጃዎች የተወለዱ የሂንዱ ወንዶች ከትከሻቸው ወደ ጎናቸው የሚያስሩት የተቀደሰ ክር አለ፤ ጃኔው ይባላል። በ1469 የተወለዱት የሲኮች የመጀመሪያው መምህር ጉሩ ናናክ፣ በልጅነታቸው ይህን ክር ሊያስሩላቸው ሲሉ እምቢ እንዳሉ ትውፊቱ ይናገራል። ስለዚያ ክር የተቀኙት ቅኔም በቅዱስ መጽሐፋቸው ውስጥ አለ። አሳቡ እንዲህ ነው፦ ጥጡ ርኅራኄ፣ ፈትሉ ባለህ መርካት፣ ቋጠሮው ራስን መግዛት፣ ማክረሪያው እውነት የሆነ ክር ካለህ እሱን እሰርልኝ፤ እሱ አይበጠስም፣ አይቆሽሽም፣ አይቃጠልም።

ይህን ሳነብ እጄ ወደ ባዶ አንገቴ ሄደ። "ታዲያ ክርን እምቢ ያለ ሃይማኖት እንዴት ስድስት ሜትር ጨርቅ ተሸከመ?" ብዬ ፓጂን ጠየቅኋቸው። ለዚህ መልስ ለመስጠት አንድ ሙሉ ሌሊት ፈጀባቸው፤ በየመሐሉ ተሳፋሪ እየጫኑ፣ እየተመለሱ።

ነገሩ የተለወጠው ደልሂ ውስጥ ነው፣ በ1675። ሕንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት፣ የአውራንግዜብ ዘመን ነው። ብራሕማን የሚባሉት፣ ያንን ክር የሚያስሩ የካሽሚር ሂንዱዎች ሃይማኖታችሁን ለውጡ የሚል ጫና በርትቶባቸው ወደ ዘጠነኛው ጉሩ፣ ወደ ጉሩ ተግ ባሃዱር መጡ። ጉሩው የእነሱን ጉዳይ የራሳቸው አደረጉት። ተያዙ፣ ከእሳቸው ጋር የነበሩ ሦስት ሲኮች በፊታቸው በሥቃይ ተገደሉ፣ በመጨረሻም ቻንድኒ ቾክ በሚባለው የገበያ አደባባይ አንገታቸው ተቆረጠ። ናናክ ለራሳቸው እምቢ ያሉትን ክር ሌሎች ያለ ፈቃዳቸው እንዳይነጠቁ፣ ዘጠነኛው ተተኪያቸው አንገታቸውን ሰጡ። እኔ እዚህ ላይ ንባቤን አቁሜ ብዙ ቆይቻለሁ። ለገዛ ማተቡ የሞተ ሰው ታሪክ ሰምቼ አድጌያለሁ፤ ለሰው ማተብ የሞተ ግን አላውቅም ነበር።

ትውፊቱ የሚቀጥለው በአደባባዩ ላይ ስለነበሩት ነው። በዚያ ዕለት ደልሂ ውስጥ ሲኮች ነበሩ። የጉሩው ሬሳ መሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ ግን ወጥቶ "የኔ መምህር ነው" ያለ አልተገኘም፤ ፈርተው ከሕዝቡ ጋር ተቀላቀሉ። ልዩ ምልክት ስላልነበራቸው መቀላቀል ይቻል ነበር። ጭንቅላቱን በጨርቅ ጠቅልሎ በድብቅ የጉሩው ቤተሰብ ወዳለበት ወደ አናንድፑር የወሰደው ባይ ጄታ የሚባል፣ ኅብረተሰቡ የማይነካ ብሎ ከሚያገልለው ወገን የተወለደ ሰው ነው። ገላውን ደግሞ ላኪ ሻህ የሚባል ነጋዴ በጋሪ ወስዶ፣ ማቃጠሉ እንዳይታወቅ የገዛ ቤቱን በእሳት ለኮሰ። የአባቱን ራስ የተቀበለው ልጅ ጎቢንድ ዘጠኝ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። ስለተደበቁት ሲኮች ሲሰማ፣ አንድ ቀን ከሺህ ሰው መሐል ቢቆሙ እንኳ መደበቅ የማይችሉ አደርጋቸዋለሁ አለ ይባላል።

ያ ልጅ አሥረኛው ጉሩ፣ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ነው። በ1699 በቫይሳኪ፣ ማለትም በፑንጃብ የፀደይ መከር በዓል ቀን፣ አናንድፑር ላይ ሕዝብ ሰበሰቡ። ሰይፍ መዝዘው ራሱን የሚሰጠኝ ማን ነው አሉ። ሕዝቡ ጸጥ አለ። አንድ ሰው ተነሣ፣ ከዚያ ሌላ፣ አምስት ሆኑ፦ ከላሆር ዳያ ራም፣ ደልሂ አካባቢ ካለችው ሃስቲናፑር ገበሬው ዳራም ዳስ፣ ከፑሪ ውኃ ቀጂው ሂማት ራይ፣ ከድዋርካ ልብስ ሰፊው ሞህካም ቻንድ፣ ከቢዳር ፀጉር አስተካካዩ ሳሂብ ቻንድ። አንዳቸውም አልተገደሉም። በብረት ሳሕን ውስጥ ውኃና ስኳር በሁለት ወገን በሚቆርጥ ሰይፍ ተማሰለ፤ አምስቱም ከአንዱ ሳሕን ጠጡ። አብረው ውኃ መጠጣት የማይፈቀድላቸው የዘር ደረጃዎች ናቸው። ከዚያ ጉሩው ራሳቸው በፊታቸው ተንበርክከው "አሁን እናንተ አጥምቁኝ" አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ ላይ ዓይኔ ይቆማል። ሰው ሁሉ ፀጉሩን እንዳይቆርጥ በታዘዘበት ቀን፣ ራሱን ከሰጡት አምስቱ አንዱ ፀጉር በመቁረጥ የሚተዳደር ሰው ነበር። ስለዚህ ነገር በአንድ መስመር እንኳ የሚያወራ ጽሑፍ አላጋጠመኝም፤ ለኔ ግን የዚያን ቀን ክብደት የሚያሳየኝ እሱ ነው። እንጀራውን ጭምር ነው የሰጠው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዶቹ ሁሉ ሲንግ፣ ሴቶቹ ሁሉ ካውር ተባሉ። ሲንግ አንበሳ ማለት ነው። እኛ አገር አንበሳ የንጉሥ ማኅተም ላይ የነበረ ስም ነው፤ እዚያ ውኃ ቀጂው ተሰየመበት። ጥምጥሙም እንደዚያው። በሙጋል ዘመን ያማረ ጥምጥም የቤተ መንግሥት ሰዎችና የመኳንንት ነበር፤ የሰው ክብር በራሱ ላይ ባለው ጨርቅ ይለካ ነበር። ጉሩው መኳንንቱን ጥምጥማችሁን አውልቁ አላሉም። ሁሉንም አስጠመጠሙ። ለዚህ ነው ሲኮች ዳስታርን "ዘውድ" የሚሉት።

ፓጂ መልሳቸውን ሊነጋጋ ሲል ነው የጨረሱት። "ያ ክር በሸሚዝ ሥር ይደበቃል፤ ደግሞም የጥቂቶች ነው። ይሄ" አሉ ግንባራቸውን በጣታቸው እየነኩ፣ "የሁሉም ነው፣ አይደበቅም። አንድ ሰው በሌሊት ባቡር ውስጥ ቢቸገር፣ ቢፈራ፣ ቢራብ፣ ዘወር ብሎ ሲያይ እኔን ማግኘት አለበት። እንዲያገኘኝ ነው የማስረው።"

እኔ ደግሞ ሁልጊዜ በተቃራኒው ነበር የማስበው። ሰው ሃይማኖቱን ራሱ ላይ ሲያስር ስለ ራሱ የሚናገር ይመስለኝ ነበር፤ "እኔ እንዲህ ነኝ" የሚል። እሳቸው የነገሩኝ ጥምጥም ግን ለሌላው ሰው የተቀመጠ ምልክት ነው፤ የተቸገረ ከሩቅ እንዲያየው የበራ መብራት። ያሰረው ሰው ዕዳ አለበት። ጥምጥም አስሮ መዋሸት፣ ጥምጥም አስሮ የተራበን ማለፍ አይቻልም፤ አላየሁም፣ አልሰማሁም ብሎ ከሕዝቡ መቀላቀል የለም። የእኛ አባቶች "ማተብ አለው" ሲሉ፣ ቃሉ የሚታመን ሰው ነው ማለታቸው እንደሆነ ሁሉ።

ደግሞ የገረመኝ፣ መጽሐፋቸው ራሱ በጥምጥም መኩራትን አጥብቆ ይወቅሳል። 1,430 ገጽ ያለው ጉሩ ግራንት ሳሂብ የሲክ ጉሩዎች ቅኔ ብቻ የተሰበሰበበት አይደለም፤ የሙስሊሙ ሼክ ፋሪድ፣ የሸማኔው ካቢር፣ የጫማ ሰፊው ራቪዳስ ቅኔዎችም እኩል ክብር አላቸው። ፋሪድ እንዲህ ይላል፦ ጥምጥሜ እንዳይቆሽሽ ስጨነቅ ኖርኩ፤ ቂሏ ነፍሴ ራሱንም አንድ ቀን አፈር እንደሚበላው አላወቀችም። ካቢር ይብሳል፦ አሳምረህ አሳምረህ ጥምጥም የምታስርበትን ያንን ራስ፣ ቁራ መንቁሩን ይጠርግበታል። ሲኮች በዚህ መጽሐፍ ፊት ጥምጥማቸውን አስረው፣ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ይሰግዳሉ። ከአያቴ ተረት ጋር አንድ ቤት ውስጥ ያደጉ ቃላት ይመስሉኛል።

ጉርድዋራ የሄድኩ ቀን በር ላይ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ይህ ለኛ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነብኝ አንድ ልጅ ብርቱካንማ ጨርቅ ሰጥቶኝ ራሴን እንድሸፍን ሲያሳየኝ ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ሲገባ ራሱን ይገልጣል፤ እዚያ ማንም ቢሆን ተሸፍኖ ነው የሚገባው። መጽሐፉ ከዳስ ሥር በትራስ ላይ ተቀምጧል፤ እንደ ሕያው ንጉሥ ጭራ ይወዛወዝለታል፣ ማታ ማታ ወደ ማረፊያው ይሸኛል። ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1708 ከመሞታቸው በፊት ከእንግዲህ ጉሩአችሁ ይህ መጽሐፍ ነው ስላሉ፣ ሲኮች መጽሐፉን የሚያዩት እንደ ሕያው መምህር ነው። በቅቤ፣ በዱቄትና በስኳር የተሠራውን ትኩስ ጣፋጭ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ቀጥሎ መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጠን ምስርና ሩዝ በላን። ከጎኔ አንድ የመንገድ ተዳዳሪ ነጭ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ያንኑ ማዕድ ፑንጃብ ውስጥ አምሪትሳር ከተማ ያለው የሲኮች ታላቅ የጸሎት ስፍራ፣ ወርቃማው ቤተ መቅደስ፣ በየቀኑ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ያቀርባል።

ፑንጃቢ ቋንቋ ውስጥ ክብር የሚነገረው በጥምጥም ነው። የሰውን ጥምጥም መጣል ማለት ማዋረድ ነው። ጥምጥምን አውልቆ በሰው እግር ሥር ማኖር የመጨረሻው ልመና ነው። ሁለት ወዳጆች ጥምጥም ከተለዋወጡ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድማማች ናቸው። አባት ሲሞት ዘመድ ተሰብስቦ ለታላቁ ልጅ ጥምጥም ያስርለታል፤ ቤቱን ተረከብ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ ነው ያ ሰካራም በዚያ ሌሊት ምን እንደነጠቀ የገባኝ።

ምልክት ደግሞ ሁሉም ያየዋል፣ ክፉውም ጭምር። ፓጂ ይህን የሚያውቁት ከመጽሐፍ አይደለም። ጥቅምት 31 ቀን 1984 የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ በሁለት ሲክ ጠባቂዎቻቸው ተገደሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ፣ የሕንድ ጦር ወርቃማው ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ገብቶ ብዙ ደም ፈስሶ ነበር። ከግድያው በኋላ በነበሩት ቀናት ደልሂ ውስጥ ጥምጥም ያሰረ ሁሉ እየታደነ ተገደለ፤ በእሳት የተቃጠሉ አሉ። በመንግሥት ቁጥር እንኳ ደልሂ ውስጥ ብቻ 2,733 ሰው ሞቷል። ፓጂ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነበር፣ ቤታቸውም ደልሂ። ጩኸቱ ወደ ሰፈራቸው ሲቀርብ እናታቸው በሩን ዘግተው የልብስ መቀስ አመጡ። "ተወልጄ ተቆርጦ የማያውቅ ፀጉር ነው" አሉኝ። "እናቴ እየቆረጠች ታለቅሳለች፣ እኔ እንዳይሰማ አፏን በእጄ እይዛለሁ።"

ተረፉ። ፀጉራቸው እስኪያድግ ጠብቀው ጥምጥሙን መልሰው ለማሰር ስድስት ዓመት ፈጀባቸው፤ ፀጉሩ ሳይሆን ፍርሃቱ ነው የዘገየው። እናታቸውን አይወቅሱም። "ሁለት ጊዜ ወለደችኝ" ይላሉ። በፍርሃት የቆረጡትንም፣ ዛሬ ፑንጃብ ውስጥ በፋሽን የሚቆርጡትን ወጣቶችም ሲያወግዙ ሰምቻቸው አላውቅም። ያዝናሉ ግን።

ማተቤን የነገርኳቸው ያን ጊዜ ነው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ይመክሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። ዝም ብለው ቆዩና "የት ነው ያለው?" አሉኝ። መሳቢያ ውስጥ፣ በኤንቨሎፕ ነው አልኳቸው። "አልጣልከውም" አሉ። ሌላ አልጨመሩም፤ ሻይ ቀዱልኝ።

እዚህ አገር ከመስከረም 11 ቀን 2001 በኋላ ጥምጥም ያሰረ ሁሉ የቢን ላደን ወገን መስሎ የታያቸው ሰዎች ነበሩ። ከአራት ቀን በኋላ አሪዞና፣ ሜሳ ከተማ ውስጥ ባልቢር ሲንግ ሶዲ በገዛ ነዳጅ ማደያው ደጃፍ አበባ ሲያስተክል በጥይት ተገደለ። በ2012 ኦክ ክሪክ፣ ዊስኮንሲን ጉርድዋራ ውስጥ ለእሑድ ጸሎት የተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ተተኮሰ፣ ስድስት ሰዎች በዚያው ቀን ሞቱ። "እኛ ሙስሊም አይደለንም ብላችሁ ለምን በግልጽ አትጽፉም?" ብዬ ፓጂን ጠይቄያቸዋለሁ። ዓይናቸውን አጠበቡብኝ። "እንዲህ ካልኩ፣ ሙስሊሙን ግደሉት ማለቴ አይደለም ወይ?" ሰው ክር እንዳይነጠቅ የሞቱት ጉሩ ልጅ መሆናቸው ያን ጊዜ ታየኝ።

በየአገሩ ስለዚህ ጨርቅ ብዙ ክርክር ተደርጓል። እንግሊዝ በ1976 ሲኮችን ከሞተር ብስክሌት ሄልሜት ግዴታ ነፃ አወጣች፤ በ1983 ደግሞ ጥምጥሙን ካላወለቀ አይገባም የተባለ ተማሪ ጉዳይ ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ሰጪ እስከነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደርሶ ቤተሰቡ ረታ። ካናዳ በ1990 ለፈረሰኛ ፖሊሷ ፈቀደች። ፈረንሳይ በ2004 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከለከለች። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ሲክ ወታደሮች የብረት ቆቡን እምቢ ብለው በጥምጥማቸው ተዋግተዋል፤ በ1941 ጣሊያንን ከከረን ተራሮች ካስለቀቀው የሕንድ ጦር መካከል ሲኮች ነበሩ። አስከሬናቸው በሃይማኖታቸው ሥርዓት የተቃጠለው የሂንዱና የሲክ ወታደሮች መታሰቢያ ዛሬም ከረን የጦር መቃብር ውስጥ ቆሟል። ይህን ለፓጂ ስነግራቸው ስልካቸውን አውጥተው ካርታ ላይ አሳየኝ አሉ፤ ከረን በጣታቸው ሥር እስክትሰፋ ድረስ አጉልተው አዩዋት።

ሴቶቹስ? ይህን የፓጂ ምራት ናት የመለሰችልኝ። በ1945 በጸደቀው የሲኮች የሥርዓት መመሪያ ጥምጥም ለወንድ ግዴታ፣ ለሴት ምርጫ ነው፤ አብዛኞቹ ሴቶች ሻሽ ያደርጋሉ። እሷ ግን ከሃያ ዓመቷ ጀምሮ ታስራለች። "ጉሩው ያጠመቁት ወንዱን ብቻ አይደለም" አለችኝ፤ ሆስፒታል ውስጥ በነርስነት ሌሊት ስትሠራም ታስራለች።

ባለፈው ወር የእሷ ልጅ፣ የፓጂ የልጅ ልጅ፣ የመጀመሪያ ጥምጥሙን አሰረ። ዳስታር ባንዲ ይባላል። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እስከዚያ ድረስ እንደ ልጆቹ ትንሽ ጨርቅ ነበር የሚያስረው። ሥርዓቱ የተደረገው ጉርድዋራ ውስጥ፣ በመጽሐፉ ፊት፣ እሑድ ነው፤ ቅዳሜ ግን ቤት ውስጥ ልምምድ ነበርና ፓጂ ደወሉልኝ። ስደርስ ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ፣ አዲስ ብርቱካንማ ጨርቅ ሶፋው ላይ ታጥፎ ነበር። ልጁ ፀጉሩን እናቱ አበጥራለት፣ አናቱ ላይ ቋጥራለት መስታወት ፊት ቆሟል። ፓጂ አንዱን ጫፍ ለኔ ሰጡኝ፣ ሌላውን ልጁ ያዘ። አሁን እንዴት እንደሚሳብ አውቃለሁ። በሰያፍ ሳብን፣ አጠፍን፣ ደግሞ ሳብን። ጨርቁ በመካከላችን ተወጠረ።

"ባባ" አለ ልጁ ወደ አያቱ ሳይዞር። "ትምህርት ቤት ቢነጥቁኝስ?"

እናቱ ወደ ኩሽና ስትሄድ መንገድ ላይ ቆመች። ፓጂ ወደ እኔ አላዩም። "መልሰህ ታስረዋለህ" አሉት።

"የሚይዝልኝ ሰው ባይኖርስ?"

ፓጂ ጨርቁን ከእጄ ተቀብለው ጫፉን በበሩ እጀታ ላይ ቋጠሩት። "እንዲህ" አሉ፤ ብቻቸውን ስበው፣ ብቻቸውን አጥፈው አሳዩት። ከዚያ ከእጀታው ፈትተው ጫፉን እንደገና ለኔ መለሱልኝ።

ልጁ አየኝ። የራሱን ጫፍ ከንፈሩ ላይ አድርጎ በጥርሱ ነከሰው፣ ራሱን ቀና አደረገ። የመጀመሪያውን ዙር ሲጀምር እኔ የያዝኩትን ለቀቅሁለት።